መግጠሚያው ገና ነው

ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.፤ ማክሰኞ፤ ጠዋት ፫ ሰዓት

ውሃው ደርሷል። ሠራተኛችን አስካለ ገንዳውን ሞላች። ክርኔን ነክሬ ለካሁ፤ ልክ ነው። ግ/ማችን ግራና ቀኝ ደግፈን አስገባናቸው። ግማሽ ሰዓት። ቀኝ እጃቸውን ከውሃው በታች ይዤ ጣት በጣት አሸሁ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ታዘዙ። መሐል ጣት ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱ ትንንሾች እንቢ አሉ።

ደብተሬ፣ ባለቤቴን ግራዝማችን «ግ/ማች» እያልሁ ባሳጥራቸው ንቀት አይምሰልህ። ቀለም ለመቆጠብ ነው። በሐምሌ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። አፋቸው ተመልሷል፤ እግራቸውም በምርኩዝ ይጎተታል። እጁ ግን ተጨብጦ ቀረ። የሐኪም ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ ያዘዘው ይህን ነው፦ በየቀኑ እስከ ትከሻ ሙቅ ውሃ። ከተነከረ ይፈታል፤ የዚህ አገር ብርድ ካገኘው እንደ ተጨበጠ ይደርቃል። በጋው ሳያልቅ ይለይለታል ብሏል።

ልጃችን መኰንን ነው የውሃ ማሞቂያውን፣ ቦይለሩን፣ ከአ.አ. የላከልን። በእንጨት የሚነድ፣ ከመኝታ ቤቱ ጥግ የቆመ፣ ቁመቱ የኔን የሚያህል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንት በራት ላይ የሆነውን ልጻፍልህ። ግ/ማች በገዛ ቀኝ እጃቸው አንድ ጉርሻ ጎረሱ። ወጡ ጢማቸው ላይ ተንጠባጠበ። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ከሐምሌ ወዲህ እኔ ነበርሁ የማጎርሳቸው፤ በግራ እጅ አይበሉም። ግራ እጅ ለማዕድ አልተፈጠረም ይላሉ። ሰው ባለበትም አፋቸውን አይከፍቱም።

ሲጨርሱ ተናገሩ። የሚመጣውን የነቢያት ጾም እንደ ምንም እጾማለሁ፤ ሲፈታ በራሴ እጅ እበላለሁ፤ ያን ቀን ማንም አያጎርሰኝም። እኔ ሳህኑን አነሣሁ።


ኅዳር ፲፫፤ ቅዳሜ

ቦይለሩ ታሟል። ረቡዕ ዕለት የከተማው ውሃ ሰዎች መጥተው የውሃ ቆጣሪ ገጥመው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በጎኑ ያለችው ትንሽ ቧንቧ ፉጨቷን አላቆመችም። እሳቱ በጋለ ቁጥር የፈላ ውሃ ትተፋለች። ግድግዳው ራሰ። ምንጣፉን አወጣን። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ እንደምታምጥ ላም አጓራ። ግ/ማች ገንዳው ውስጥ ነበሩ። እንዴት እንዳወጣናቸው አላውቅም።

ጌታነህን አስጠራሁ። ቦይለሩን የገጠመው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጥፍሩ ሁሌ ጥቁር። እሳቱን አመድ አለበሰው። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ከዚያ ቆጣሪውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል አለ። እስከ አሁን ትርፉ ወደ ከተማው ቧንቧ ይመለስ ነበር። አሁን ከቆጣሪው ጋር ወደ ኋላ የማይመልስ በር ተገጥሟል። ያበጠው ውሃ መሄጃ የለውም፤ መሄጃ ካጣ ብረቱን ይቀድዳል።

አልገባኝም አልሁት። ማሞቅና ማበጥ ምን አገናኛቸው? አስካለ ከበሩ ጣልቃ ገባች። «እሜቴ፣ ጠላ ሲጠነሰስ ጋን እስከ አፉ ይሞላል እንዴ? ቦታ ይተውለታል እንጂ!»

«ተባረኪ!» አለ ጌታነህ። «ይኸው፤ መሐንዲስ ቤትዎ አለ፣ እኔን ይጠራሉ።»

መድኃኒቱ አንድ ትንሽ በርሜል ነው። ዙሪያው የተዘጋ፣ ውስጡ አየር ብቻ፤ በላይ በኩል ይሰቀልና ከቦይለሩ ጋር በቧንቧ ይገናኛል። ውሃው ሲያብጥ አየሩን ገፍቶ ይገባል፣ ሲበርድ ይመለሳል። መተንፈሻ በርሜል ይለዋል። ውሃ አይተነፍስም፣ ስሙ ትክክል አይደለም አልሁት።

«ስሙን እርስዎ ያውጡለት እሜቴ፤ ክርስትናውን እኔ አነሣለሁ።»

በርሜሉን አስበይዳለሁ፣ ወሬውን እልካለሁ ብሎ ሄደ። ሲወጣ የእሳት ማንደጃውን በር በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። አደራ፣ በርሜሉ ሳይገጠም አንዲት ጭራሮ እንዳትነድበት። ለኔ ሳይሆን ለአስካለ ነው የነገራት። ቅር አለኝ።


ኅዳር ፲፰፤ ሐሙስ

ጾሙ ገባ። ውርጩም ገባ። ጠዋት ባልዲው ላይ በረዶ ቆዳ አውጥቶ ተገኘ፤ በጭልፋ ሰበርሁት።

በማንቆርቆሪያና በብረት ድስት ሞከርን። ከማድ ቤት እስከ ገንዳው ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው። አራተኛው ድስት እስኪፈላ የመጀመሪያው በርዷል። ትናንት ደጃፉ ላይ አዳለጠኝ። ድስቱ ወደ ውጭ ተደፋ፤ ወደ እኔ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍልህም ነበር። ግ/ማች ሰምተው ከለከሉ። ሁለት ሰው ከሚታመም እኔ ልቆይ አሉ።

አሁን በሳፋ እስከ ክርን ብቻ። ድሬሰሩ ይህ መጠበቂያ እንጂ መድኃኒት አይደለም ይላል። ሳፋው በሩብ ሰዓት ይቀዘቅዛል።

ጌታነህ ወደ ጫጫ ከተማ ለወፍጮ ሥራ ሄዷል አሉ። ወሬ የለም።


ኅዳር ፳፪፤ ሰኞ፤ ከቀትር በኋላ

ወሬ መጣ! የጫጫው አውቶቡስ ሾፌር ደጅ ድረስ አደረሰልኝ። አራት የታጠፈች ብጣቂ ወረቀት፣ በእርሳስ። ቃል በቃል እገለብጥልሃለሁ፦

«እሜቴ በርሜሉ ተሠርቷል። መግጠሚያው ገና ነው። እስከዚያ እሣት አይነድበት። ጌታነህ»

እሳትን በንጉሡ ሠ ጽፎታል። በቀይ ቀለም አረምሁት። ሰላምታም የለው፣ ቀንም የለው። ግን ግልጽ ነው። በርሜሉ ተሠርቷል፤ የሚገጠመው የገና ዕለት ነው። ምነው ራቀ? ወፍጮውን እስኪጨርስ ይሆናል። በበዓል ሥራ መሥራቱም ደስ አላለኝም፤ ለበሽተኛ ስለሆነ ይቅር ይባልለታል።

ለግ/ማች አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ። ከአንድ ወር በላይ ነው። ከዚያ ፈገግ አሉ። እንግዲያው ፍስኩና ሙቅ ውሃው በአንድ ቀን ይገባሉ አሉ። ቀኑ ታወቀ፤ ቀን ያለው ነገር ይቻላል።

እኔም እንዲሁ ነኝ። ያልተወሰነ ነገር ነው የሚገድለኝ።


ኅዳር ፳፯፤ ቅዳሜ

መኰንን ጻፈ። የቦይለሩን ነገር ከመንገደኛ ሰምቶ ተጨንቋል። የጎደለ ዕቃ ካለ ስሙንና ልኩን ብቻ ጻፉልኝ፣ እዚህ ሱቁ ሁሉ ሞልቷል፣ በማግሥቱ በአውቶቡስ ይደርሳችኋል ይላል። ደግ ልጅ ነው። ነጥብ ግን አያውቅም፤ አንድ ገጽ ሙሉ አራት ነጥብ የለም።

ወዲያው መለስሁለት። ምንም የጎደለ የለም። በርሜሉ ተሠርቷል፣ ቀኑ ተቆርጧል። አንተ ሥራህን ሥራ። አሽጌ ላክሁ።


ታኅሣሥ ፮፤ ሰኞ

ውርጭ። አምስተኛ ቀን። ጎመኑ ጠቁሮ ወደቀ።

መሐል ጣት ተመልሶ ታጠፈ። ቅዳሜ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ ምንም የለም። በሳፋው ውስጥ ስይዘው እንደ እንጨት ነው። ግ/ማች እያዩኝ ነበር፤ ፊቴን አላሳየሁም።

ድሬሰሩ መጣ። መዳፋቸውን ሊዘረጋ ሞከረ፤ ግ/ማች ጥርሳቸውን ነከሱ። ወደ ውጭ ጠርቶ ያ ሙቅ ውሃ መቼ ነው የሚመለሰው አለኝ። ለገና ነው አልሁ። ሩቅ ነው አለ። ማፍጠን አይቻልም ወይ? ቀኑ በጽሑፍ ተወስኗል አልሁት። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ምን ላድርግ? ውሃውን በትዕዛዝ ማሞቅ አልችል። ሰውየውን ከጫጫ መጎተት አልችል። ማድረግ የምችለው ማሸት ነው። አሻለሁ።


ታኅሣሥ ፲፭፤ ረቡዕ

ከአስካለ ጋር ተጋጨን። ሳፋውን እየደፋች፣ አገሬ ጫጫ ነው፣ ለምን በዘመድ በኩል ሰው አልክበትም፣ ምናልባት ሰውየው ቀደም ብሎ ይመጣ እንደሆነ እንጠይቀው አለች። ተቆጣሁ። ጽሑፍ እጃችን እያለ መጠየቅ የመሃይም ነው አልኋት።

«እሺ እሜቴ» አለች። ከዚያ ለሳፋው ይመስል፣ «እኔስ ስለማላነብ እጠይቃለሁ» አለች።

ሰምቻታለሁ። እንዳልሰማ ሆንሁ። ቃሉ ከፍቶ ነበር፤ ይቅርታ ልላት አስቤ አልቻልሁም።

አውራ ጣት ብቻ ቀርቷል።


ታኅሣሥ ፳፯፤ ሰኞ

ሁሉ ተሰናድቷል። መኝታ ቤቱ ተጠርጓል። እንጨቱ ተፈልጦ፣ ደርቆ ተደርድሯል። ገንዳውን በአመድ ፈትጌ አጥቤዋለሁ። በርሜሉ የሚሰቀልበትን ጥግ ራሴ ነጭ ኖራ ቀባሁት። አስካለ በላዩ ላይ በርሜል ሊሸፍነው ለማን ያሳምራሉ በሚል ዓይን አየችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያሠጋኛል። ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ገና በ፳፰ ይውላል። እሳትን በሠ የሚጽፍ ሰው ይህን ያውቃል ወይ? በ፳፱ እንዳይመጣ።


ታኅሣሥ ፳፰፤ ማክሰኞ፤ ገና

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠበቅን። ግ/ማች ነጭ ለብሰው፣ ተላጭተው፣ በር በሩን እያዩ ተቀመጡ። ዶሮው ቀረበ። ይቆይ አሉ። ውሃው ሳይሞቅ እጄ አይታዘዝም፤ ሰውየው ይምጣና ይግጠም፣ ታጥቤ እበላለሁ። ወጡ በረደ። አስካለ አሞቀችው። እንደገና በረደ።

በሩ ተንኳኳ፤ የጎረቤት ሰው እንኳን አደረሳችሁ ሊል ነው። እንደገና ተንኳኳ፤ ለማኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግ/ማች ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንሥተው ከሰፌዱ ጫፍ አስቀመጡት። አየት አደረጉት። እንደ ሰው ዕቃ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ።

አጎረስሁ።


ታኅሣሥ ፳፱፤ ረቡዕ

ቀኑን ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ዛሬንም ሰጠሁት። አልመጣም።

ማታ ግ/ማች ወረቀቱን አምጪና አንብቢልኝ አሉ። አነበብሁ። አንዴ ድገሚ አሉ። ደገምሁ። ፊታቸው ቀላ። ጽፎ መካድ ከመስረቅ ይብሳል አሉ። ስንት ዓመት በዳኝነት ተቀምጠዋል፤ ቃሉን የሚበላ ሰው ያስመርራቸዋል። ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ገዘቱ።

«ይህ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ! ያስገባውም የተገዘተ ይሁን! በሥላሴ ስም ገዝቻለሁ!»

አስካለ አማተበች። እኔም አማተብሁ። ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ከተማው ውስጥ የለም። ይህን ልናገር ስል እንቅልፍ ወሰዳቸው።


ጥር ፩፤ ዓርብ

ደብተሬ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ በችኮላ እጽፍልሃለሁ። ይነበብልህ እንደሆነ አላውቅም።

ጌታነህ ለበዓል ከጫጫ ተመልሷል ሲሉ ሰምቼ ራሴ ሄድሁ። ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። ልሰድበው ነበር የሄድሁት፤ ስድቡን መንገድ ላይ ደርድሬ ጨርሻለሁ። በሩን ራሱ ከፈተ።

«ውይ እሜቴ! እንኳን አደረስዎ! ምነው በእግርዎ? በጤና ነው?»

ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ይህ የማን እጅ ነው? የኔ ነው አለ። አንብበው አልሁት። ቀይ እርማቱን አይቶ ሳቀ። ከዚያ አነበበው።

ደብተሬ፣ አላልቶ ነው ያነበበው። «መግጠሚያው ገና ነው።» አልደረሰም ማለት። አልተገኘም ማለት። በዓሉ ቢሆን «ና» ይጠብቃል፤ እርሱ አላላው። «አዎ፣ እስከ ዛሬም ገና ነው» ብሎ ወደ ውስጥ አሳየኝ። በርሜሉ ከአልጋው አጠገብ ቆሟል፣ በቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ የልጆች ልብስ ተሰጥቶበታል። ኅዳር ተበይዶ ያለቀ ነው። የጎደለው፣ እርሱ መግጠሚያ ያለው፣ በርሜሉንና ቧንቧውን የሚያያይዝ የአውራ ጣት ቁመት ያለው ነሐስ ነው፤ እዚህ አይገኝም።

«ልጅዎ አ.አ. እያሉ አንድ ቀን አያድርም፣ ይልኩታል ብዬ እኮ ነው የጻፍሁት። ሳይልኩ ሲቀሩ፣ በእሳት እያፈሉ ተመችቷቸዋል ብዬ ተውሁት።»

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ቀድማ ተረዳችው። «በስመ አብ! ለገና ነው ብለው ኖሯል!» ሳቀች፤ እስክትታጠፍ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየች። ሳቋን ዋጠችና በርጩማ አመጣችልኝ። አልተቀመጥሁም። ሰውየው ግን አልሳቀም። የግ/ማች እጅ እንዴት ነው አለኝ።

አባቴ አንኮበር መሪጌታ ነበሩ። ሴት ልጅ ዳዊት ትደግማለች ብለው፣ ሰው እየሳቀባቸው እኔን አስተማሩ። የሚጠብቀውን ካላላሁ፣ የሚላላውን ካጠበቅሁ አለንጋው አይቀርልኝም ነበር። በስምንት ዓመቴ አርባ መዝሙር ያለ ስሕተት አንብቤያለሁ። በዚህ ስኮራ ኖርሁ።

እርሱ የሳተውን አረምሁለት፤ ያልሳተውን እኔ ሳትሁ።

አርባ ቀን። አርባ ቀን ሙሉ።


ጥር ፪፤ ቅዳሜ

ለመኰንን ጻፍሁ። ልኩን ጌታነህ በሲጋራ ወረቀት ላይ ሥሎ ሰጥቶኛል፤ አብሬ አሸግሁት። ለምን ዘገየ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አልገለጽሁም። «በአስቸኳይ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ለግ/ማች አልነገርሁም። ነገ።


ጥር ፮፤ ረቡዕ

መግጠሚያው ደረሰ። በክብሪት ቀፎ ውስጥ። ይህችው ናት! መዳፌ ላይ አስቀምጬ አየኋት። ክብደትም የላት።

ጌታነህ ግዝቱን ሰምቷል። አስካለ ናት የነገረችው። ዕቃው መድረሱን ስልክበት የመለሰው ይህ ነው፦ ቅዳሜ አንድ ቀን አለኝ። እሑድ ከተራ ነው፤ ከጥምቀት ማግሥት እነዋሪ ከተማ ወፍጮ ልተክል እሄዳለሁ፣ እስከ ፋሲካ አልመለስም። ግን ግዝት አልጥስም፤ ልጆች አሉኝ።

ወደ ነፍስ አባታችን ሄድሁ። ሁሉን ነገርኋቸው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንስሐ ገብቼ አላውቅም፤ በወጣትነቴ የሠራሁትን ስናገር እንኳ እንዲህ አላፈርሁም። ግዝቱን እንዲፈቱልኝ ለመንሁ። ጺማቸውን ጎተት አደረጉ። ግዝቱ የቆመው ሰውየው ዋሽቷል በሚል ላይ ነው አሉ። አለመዋሸቱን ግራዝማች ይስሙ፣ ራሳቸው ይፍቱልኝ ይበሉ፣ ያን ጊዜ ቃል ሳልጨምር እፈታለሁ።

እንግዲያው እርስዎ ይንገሩልኝ አልሁ።

«እኔ አነበብሁ እንዴ?» አሉኝ። መስቀሉን አሳልመው ሸኙኝ።

ድሬሰሩን መንገድ ላይ አገኘሁት። አውራ ጣት እስካለ ተስፋ አለ አለ። ግን እስከ ፋሲካ በዚህ ብርድ ከቆየ እኔን አትጥሩኝ፤ እንጨት የሚጠርብ ጥሩ።


ጥር ፰፤ ዓርብ

ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ገባሁ። ሦስት ጊዜ ወጣሁ።

ጠዋት፣ ሳፋውን ይዤ። ውሃው በርዷል ብዬ ወጣሁ። አልበረደም ነበር።

ቀትር ላይ። ጎረቤት ተቀምጦ ነበር።

ወደ ማታ። ብቻቸውን ነበሩ። ጀመርሁ፤ ስለዚያ ወረቀት አልሁ። አላስጨረሱኝም። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው፣ ደግነቱ አንቺ አለሽ አሉ። ሌላ ቤት ቢሆን ወረቀቱን የሚያነብ የለም፣ ሰውየው አላልሁም ብሎ ክዶ ያመልጥ ነበር፤ አንቺ ግን ቃሉን አስቀረሽበት። መሪጌታ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጥሩ አስተምረውሻል።

ሻማውን አስተካከልሁ። የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

አሁን እዚህ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ለአንተ መጻፍ ቀላል ነው፤ አትሰማኝም። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ተሳሳትሁ ብያቸው አላውቅም። እርሳቸው ሲሳሳቱ ግን አንድ ቀን አላሳለፍሁም።


ጥር ፱፤ ቅዳሜ፤ ጠዋት ፬ ሰዓት

መጥቷል።

ከአጥሩ ውጭ ነው። ቀይ በርሜሉን በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ ከደጁ ድንጋይ አንድ እርምጃ መለስ ብሎ አወረደው። አላለፈም። አስካለ ግባ ብትለው፣ «እግሬ እሺ ቢል ነፍሴ እንቢ ትላለች» አላት። በመስኮቱ አየዋለሁ። ሥራውን እዚያው መንገድ ላይ ጀምሯል። በርሜሉን ውሃ ሞልቶ ይንጠባጠብ እንደሆነ አየ፤ አልተንጠባጠበም። ውሃውን ደፋ። አስካለ ካቀበለችው የክብሪት ቀፎ ነሐሷን አወጣ፣ የነሐሷ ጥርስ ላይ ቃጫ ጠመጠመ፣ ቀለም ቀባ፣ አጠበቀ። ቧንቧውን በልኩ ቆርጦ ቀጠለ። የሚቀረው ይዞ ገብቶ ከቦይለሩ ጋር ማያያዝ ብቻ ነው። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው ብሏል።

መንገደኛው ቆሞ ያየዋል። አንዱ፣ «ጌታነህ፣ አውቶቡስ ልትሠራ ነው?» አለው።

«ሙሽራ ነኝ፤ አማቶቼ በር እስኪከፍቱልኝ ነው!»

ሳቁ። ሳቁ እዚህ ድረስ ገባ።

ግ/ማች ሰምተዋል። ደጅ ማን አለ አሉ። አስካለ እኔን አየች። ሰው ነው አልሁ። የምን ሰው? መዶሻው ተሰማ። ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። የዚያ ሰው ድምፅ አይደለም ወይ? መጣሁ ብዬ ወደዚህ ክፍል ገባሁ። ሮጬ ነው የገባሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ።

ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ከአውራ ጣቱ በቀር ሁሉም ተጨብጠዋል።

ነፍስ አባታችን ቤታቸው ናቸው፤ ለነገው ከተራ ሳይወጡ ይገኛሉ። አስካለን ነጠላሽን ልበሺ ብያታለሁ። እኔ ለግ/ማች እንደ ነገርሁ፣ ግዝቱን እንዲፈቱ ሮጣ ትጠራቸዋለች። መጀመሪያ ግን የኔ ነው።

የምለውን እዚህ አስቀድሜ ልጻፈው። ሳልጽፍ አልለውም፤ ከጻፍሁት ግን ማንበብ አያቅተኝም። ደብተሬ፣ አንተን ይዤህ እገባለሁ። መሐል ላይ ድምፄ ቢጠፋ ጣቴን በመስመሩ ላይ አድርጌ አነባለሁ።

ግራዝማች፣ ደጅ ያለው ጌታነህ ነው። ሰውየው ቃሉን አልበላም። ወረቀቱ ትክክል ነበር። አላልቼ ማንበብ ሲገባኝ አጥብቄ ያነበብሁት እኔ ነኝ። መኰንን የጎደለ አለ ወይ ሲለን የለም ያልሁት እኔ ነኝ። እጅዎን

እየጠሩኝ ነው።